፲፱፼፵፫፻፲፫፤ ስለ ዐቢይ ቀመር ቀኖች ቍጥር

(በአዲስ አበባ በምሥራቅ በኩል ከቦሌ፣ ከገርጂና ከኮተቤ፣ እንዲሁም ከዙሪያው ገጠር ለተሰበሰቡ መምህራንና ሽማግሌዎች የተነገረ)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ቍጥር ነው። ይኸውም መቶ ዘጠና አራት ሺሕ ሦስት መቶ ዐሥራ ሦስት ነው። በተለመደው አኃዝ 194,313፤ በግእዝ አኃዝ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ይጻፋል። ስሙን አስቀድሞ የሰማ ሰው በመካከላችን ብዙ አይመስለኝም፤ ሥራውን ግን ያላየ አንድም የለም። ዐቢይ ጾም የሚገባበትን፣ ፋሲካ የሚውልበትን፣ ዕንቍጣጣሽ የምትውልበትን ዕለት እያዞረ ወደ ስፍራው የሚመልስ ይህ ቍጥር ነውና። ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት እንደ ሆነ አባቶች ታውቃላችሁ፤ 194,313 ማለት በነዚህ 532 ዓመቶች ውስጥ ያሉት ቀኖች ድምር ነው።

አቈጣጠሩም እንዲህ ነው። አንዱ ዓመት 365 ቀን ስለ ሆነ፣ 365 በ532 ሲባዛ 194,180 ይሆናል። ደግሞ በየአራቱ ዓመት በዘመነ ሉቃስ ጳጕሜን ስድስት ትሆናለችና፣ 532 ለአራት ሲካፈል 133 ተጨማሪ ቀኖች ይገኛሉ። ሁለቱ ሲደመሩ 194,313 ይመጣል።

ይህን ነገር እንዳነሣ ያደረገኝን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። እኔ ከፊደል እስከ ባሕረ ሐሳብ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ኋላ በጽሕፈት ሥራ የተቀጠርሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ በሁለቱም ወገን ያለውን አያለሁ። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መምህሩ በጥቍር ሰሌዳ ላይ «የ4፣ የ7 እና የ19 ትንሹን የጋራ ብዜት ፈልጉ» ብሎ ጻፈ። ልጆቹም ደክመው 532 አሉ። ከመካከላቸው አንዱ «ይህ ቍጥር ምን ያደርግልናል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ለፈተና ይጠቅማችኋል» ተባለ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ባሻገር ግን አንድ አዛውንት መሪጌታ ለደቀ መዛሙርቶቻቸው ዐቢይ ቀመር 532 ነው እያሉ በቃል ያስጠኑ ነበር። እዚያም አንዱ ልጅ «ስለ ምን 532 ሆነ?» ቢል፣ «አባቶች እንዲህ ስላሉ» ተባለ። ሁለቱ ልጆች በአጥሩ ላይ ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ፣ አንዱ የሌላውን ጥያቄ በመለሰለት ነበር።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ምክንያቱ ሳይታወቅ በቃል ብቻ የተያዘ ሥርዓት አንዲት ቃል ብትወድቅበት የሚያነሣት የለም፤ ሊቁ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። በሰሌዳ ላይ ብቻ የተጻፈውም ሰሌዳው ሲጠረግ አብሮ ይጠረጋል። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ግን መጽሐፉ ቢጠፋ፣ መምህሩም ቢያርፍ፣ ከቍጥሩ ተነሥቶ መላውን ሐሳብ እንደ ገና ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ ምክንያቱን ከቍጥሩ ውስጥ እንፈልገው።

እንግዳ ሰው ወደ መንደር ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ቍጥርም እንደዚሁ በወላጆቹ ይታወቃል፤ የቍጥር ወላጆችም ተባዝተው እርሱን የሚያስገኙት ናቸው። የ194,313 ወላጆች አራት ናቸው፤ 3፣ 7፣ 19 እና 487። ከነዚህ ከአራቱ እያንዳንዱ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚካፈልበት ቍጥር የለውም፤ እንዲህ ያለውን በዛሬው ትምህርት ብቸኛ ቍጥር ይሉታል። እውነት መሆኑን ለማየት 3 በ7 ሲባዛ 21፤ 21 በ19 ሲባዛ 399 ነው። 399ን በ487 ለማባዛት መድከም አያስፈልግም፤ 400 ጊዜ 487 ብለን 194,800 ካገኘን በኋላ አንድ ጊዜ 487 ብንቀንስ 194,313 ይቀራል። ስለ 487 ብቸኝነት የሚጠራጠር ተማሪ ቢኖር በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ11፣ በ13፣ በ17 እና በ19 ያካፍለው፤ በሁሉም ቀሪ ያገኛል። ከዚያ በላይ መሞከር አያሻም፤ የሚቀጥለው ብቸኛ ቍጥር 23 ነው፤ 23 በ23 ሲባዛ ደግሞ 529 ሆኖ ከ487 ያልፋልና።

አሁን እያንዳንዱ ወላጅ ምን እንደ ሰጠ እንይ። 7 የሳምንቱ ቀኖች ናቸው። 19 የጨረቃ ነው፤ ሊቃውንት ዐውደ አበቅቴ የሚሉት ነው። 3 እና 487 ግን ለየብቻቸው ምንም አይነግሩንም፤ ተባዝተው 1,461 ሲሆኑ ይናገራሉ። 1,461 ማለት የአራቱ ወንጌላውያን ዓመቶች፣ የማቴዎስ፣ የማርቆስ፣ የሉቃስና የዮሐንስ፣ ቀኖች ናቸው፤ አራት ጊዜ 365 እና አንዲት ተጨማሪ ቀን። እንግዲህ 194,313 ማለት 1,461 በ7፣ እንደ ገናም በ19 የተባዛ ነው። ወንጌላዊው፣ ዕለቱና ጨረቃው በአንድ ቍጥር ውስጥ ተቀምጠዋል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ነገር አለ፤ እኔ ባሰብሁት ቍጥር ደስ የሚያሰኘኝ ነው። አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው ብለናል። ዐውደ ፀሐይ የሚባለው 28 ዓመት ስንት ሳምንት ነው? 1,461 ሳምንት ነው። ዐውደ ማኅተም የሚባለው 76 ዓመት 27,759 ቀን ነው፤ ዐቢይ ቀመርስ ስንት ሳምንት ነው? 27,759 ሳምንት ነው። የትንሹ ቀኖች የትልቁ ሳምንቶች ሆነው ይገኛሉ። ይህን ለልጆች ስትነግሩ ተአምር አድርጋችሁ አትንገሯቸው፤ ምክንያቱን ራሳቸው ያግኙት። 28 ከ4 ሰባት እጥፍ ነው፤ 532ም ከ76 ሰባት እጥፍ ነው፤ ሳምንትም ሰባት ቀን ነው። ሌላ ምሥጢር የለበትም። ነገር ግን ልጁ ይህን በራሱ እጅ ካገኘው፣ ዐቢይ ቀመር ያለ ትራፊ በሳምንት እንደሚያልቅ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ስለዚህም ከ532 ዓመት በኋላ መስከረም 1 ቀን በዚያው ዕለት መዋሏ ለምን እንደ ሆነ ይገባዋል።

በአራት ዓመት ግን ለምን አይመለስም? 1,461 በ7 ሲካፈል 208 ሳምንት ሆኖ 5 ቀን ይቀራል። ስለዚህ ከዮሐንስ እስከ ዮሐንስ ዕንቍጣጣሽ አምስት ዕለት ወደፊት ትሄዳለች። አምስቱ ቀሪ ተጠራቅሞ ሙሉ ሳምንት የሚሆነው በሰባተኛው ጊዜ ነው፤ ሰባት ጊዜ አምስት 35፣ ይህም አምስት ሳምንት። 28 ከዚህ ወጣ። አባቶች «በሰባት ገድፍ» የምትሉትና መምህራን «ቀሪውን ፈልጉ» የምትሉት አንድ ሥራ መሆኑን ልብ በሉ። መግደፍ ማለት ሙሉውን ጥሎ ቀሪውን መያዝ ነውና።

መግደፍን ካነሣን ዘንድ፣ የግእዝ አኃዝ ለዚህ ሥራ እንዴት እንደሚመች ላሳያችሁ። ብዙ ሰው የግእዝ አኃዝ ለምዕራፍ ቍጥር እንጂ ለሒሳብ አይሆንም ይላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ፲፱፼፵፫፻፲፫ ሲጻፍ ቍጥሩ በሦስት ቤት ተቀምጧል፤ በእልፍ ቤት 19፣ በምእት ቤት 43፣ በአሐድ ቤት 13። አሁን በ7 መካፈል አለመካፈሉን ለማወቅ ረጅም ማካፈል አያስፈልግም። መቶ በ7 ሲገደፍ 2 ይቀራል፤ እልፍም መቶ ጊዜ መቶ ስለ ሆነ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ይህም 4 ይቀራል። ስለዚህ የእልፉን ቤት በ4፣ የምእቱን በ2 አባዝተን ከአሐዱ ጋር እንደምር፤ 76፣ 86 እና 13፣ በድምሩ 175። 175 ሃያ አምስት ጊዜ ሰባት ነው፤ እንግዲህ ቍጥሩ በ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል። በ19ም እንዲሁ ነው። መቶ በ19 ሲገደፍ 5፣ እልፍም 25 ሆኖ እንደ ገና ሲገደፍ 6 ይቀራል። በእልፍ ቤት ያለው 19 ራሱ ይወድቃል፤ 43 በ5 ሲባዛ 215፣ 13 ሲጨመር 228፤ ይህም 12 ጊዜ 19 ነው። በ3 ሲሆን ከሁሉ ይቀላል፤ መቶም እልፍም አንድ አንድ ስለሚተርፋቸው ሦስቱን ቤቶች ብቻ መደመር ነው፤ 19፣ 43፣ 13፣ በድምሩ 75። ይህን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለልጆች አሳዩአቸው፤ የአያቶቻቸው አኃዝ ሕያው መሆኑን ያያሉ።

ወደ 532 ልመለስ። ሦስት ሰዎች ዛሬ በአንድ ገበያ ተገናኙ እንበል። አንዱ በየ4 ቀን፣ ሁለተኛው በየ7 ቀን፣ ሦስተኛው በየ19 ቀን ወደዚያ ስፍራ ይመጣል። ሦስቱ እንደ ገና በአንድ ቀን የሚገናኙት መቼ ነው? ከ532 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት በፍጹም አይገናኙም። ይህ የሆነው 4፣ 7 እና 19 ምንም የጋራ ወላጅ ስለሌላቸው ነው። ሦስተኛው ሰው በየ18 ቀን የሚመጣ ቢሆን ኖሮ፣ 4 እና 18 ሁለቱም የ2 ልጆች ናቸውና፣ ብዜቱ 504 ሲሆን ሰዎቹ በግማሹ፣ በ252ኛው ቀን ይገናኙ ነበር። ባዕዳን የሆኑ ቍጥሮች ሲገናኙ ረጅም ዙር ይሠራሉ፤ ዘመድ የሆኑ ቍጥሮች ዙራቸው ያጥራል። የዐቢይ ቀመር ርዝመት የመጣው ከዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ 28 ለብቻው ሲታይ መልካም ጠባይ ያለው ቍጥር ነው። ከእርሱ የሚያንሱ አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ ራሱን 28ን ይሰጣሉ፤ የግሪክ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ፍጹም ቍጥር ብለውታል። 532 ግን እንዲህ አይደለም፤ የአካፋዮቹ ድምር 588 ሆኖ ከራሱ ይበልጣል። ይህ ለዘመን ቈጠራው የሚጨምረው ነገር የለም፤ ልጆች ደስ ሲላቸው የሚሠሩት ነው።

ትልቁ ጥቅም አሁን ይመጣል። ቍጥሮቹ ባዕዳን ስለ ሆኑ፣ በ532ቱ ዓመቶች ውስጥ ወንጌላዊው፣ የመስከረም 1 ዕለትና ወንበሩ ሦስቱም አንድ የሚሆኑባቸው ሁለት ዓመቶች የሉም። እያንዳንዱ ዓመት እንደ ሰው ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አለው። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ዘመነ ወንጌላዊውን፣ ዕለቱንና አበቅቴውን ወይም መጥቅዑን ጽፎ ዓመተ ምሕረቱን ሳይጽፍ የተወበት ጊዜ ቢያጋጥማችሁ፣ ዓመቱ ጠፋ አትበሉ፤ ከቍጥሩ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ለምሳሌ ሁላችን የምናውቀውን ዓመት ልውሰድ። እዚህ በቦሌ ያለው ሚሌኒየም አዳራሽ ስሙን ያገኘው ከ2000 ዓ.ም. በዓል ነው። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደ መንገደኛ በያዘው የፈረንጅ ቀን መቍጠሪያ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ይል ነበር፤ ከበሩ ሲወጣ ግን አዲስ ሺሕ ዓመት ተቀበለው። በዓመተ ዓለም ሲቈጠር 5,500 በ2,000 ላይ ተጨምሮ 7,500 ዓመት ነበር። አሁን ይህን ዓመት እንደማናውቀው አድርገን እንፈልገው። በአንድ ብራና ላይ «ዘመነ ዮሐንስ፤ መስከረም 1 ረቡዕ፤ መጥቅዕ 7» የሚል ብቻ አገኘን እንበል።

አስቀድመን ዮሐንስንና ረቡዕን እናገናኝ። በ28ቱ ዓመቶች ውስጥ የዮሐንስ ዓመቶች 4ኛው፣ 8ኛው፣ 12ኛው እያለ እስከ 28ኛው ሰባት ናቸው። ዐቢይ ቀመር ከማክሰኞ ይጀምራልና፣ 4ኛው ዓመት በቅዳሜ ይብታል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ አምስት ዕለት እንጨምር፤ 8ኛው ሐሙስ፣ 12ኛው ማክሰኞ፣ 16ኛው እሑድ፣ 20ኛው ዓርብ፣ 24ኛው ረቡዕ፣ 28ኛው ሰኞ። ረቡዕ ከ24ኛው ላይ ተገኘ። ቀጥሎ መጥቅዑ። መጥቅዕ የሚገኘው ወንበሩን በ19 አባዝቶ በ30 በመግደፍ ነው፤ 7 የሚሰጠው ወንበር 13 ነው፤ 13 ጊዜ 19 እኩል 247፣ በ30 ሲገደፍ 7 ነውና። ወንበር ከመደቡ አንድ ተቀንሶለት የሚገኝ ስለ ሆነ መደቡ 14 ነው። እንግዲህ በ24 ላይ 28 እየጨመርን በ19 ሲገደፍ 14 የሚተርፈውን እንፈልግ። 24 ሲገደፍ 5 ይተርፋል፤ አይደለም። 52 ሲገደፍ 14 ይተርፋል፤ እርሱ ነው። ዓመቱ የቀመሩ 52ኛ ዓመት ነው።

7,500 በ532 ሲካፈል 14 ሆኖ 52 ይተርፋል። እንዳገኘነው ነው። ዐሥራ አራተኛው ዐቢይ ቀመር በ7,448 ዓመተ ዓለም፣ ማለት በ1948 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ ዐሥራ አምስተኛው መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፣ በማክሰኞ፣ ወንበሩ አልቦ ሆኖ ተጀመረ። በመካከላችሁ ያሉ አንዳንድ አባቶች የሁለት ቀመር ሰዎች ናችሁ፤ በዐሥራ አራተኛው ተወልዳችሁ በዐሥራ አምስተኛው ሸመገላችሁ። ይህ ለማንኛውም ትውልድ የሚደርስ ዕድል አይደለም።

ያው ዓመት ከ532 ዓመት በፊት በ1468 ዓ.ም.፣ በዐፄ በእደ ማርያም ዘመን ነበር፤ ወደፊትም በ2532 ዓ.ም. ይመጣል። ሦስቱም ፋሲካቸው በአንድ ቀን ነው፤ እስኪ በቶሎ እንቍጠረው። መጥቅዑ 7 ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት 7 ይሆናል። መስከረም 1 ረቡዕ ከሆነ ጥቅምት 7 ሐሙስ ነው። የሐሙስ ተውሳክ 3፣ ከ7 ጋር 10፤ ነነዌ የካቲት 10 ገባች። የትንሣኤ ተውሳክ 9፣ ከ10 ጋር 19፤ ፋሲካ ሚያዝያ 19። በ2000 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው በዚሁ ቀን ነበር። በዚህ ውስጥ መምህራን ልትመለከቱት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። አበቅቴ ወንበሩን በ11፣ መጥቅዕም በ19 አባዝቶ የሚገኝ ነው፤ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው። ስለዚህ የአንዱ ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ፤ በ2000 ዓ.ም. 23 እና 7 ነበሩ። ደብተራው ሒሳቡን የሚያርመው በዚህ ነው።

እስካሁን ቍጥሩን አመሰገንሁ። ነገር ግን ለልጆች እውነቱን ሙሉ አድርገን መንገር ይገባናል። ቍጥሩ ሙሉ ነው፤ ሰማይ ግን በሙሉ ቍጥር አይሄድም። ፀሐይ በዓመት ጨረቃን 11 ቀን ትበልጣታለች ብለን ብንይዝ፣ በ19 ዓመት 209 ይሆናል፤ ይህም ሰባት ወር ሊሞላ አንድ ይጐድለዋል። ስለዚህ ዙሩ ሲፈጸም ወደ መጀመሪያው ለመመለስ በ11 ፈንታ 12 ይቈጠራል። ይህች አንዲት ቀን የስፌቱ መገጣጠሚያ ናት፤ ሊቃውንትም አልደበቋትም።

ከዚያም በላይ የረቀቀ ነገር አለ። የ19 ዓመት ርዝመት በእኛ ቈጠራ 6,939 ቀን ከ18 ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ጨረቃ 235 ጊዜ ትወለዳለች፤ ይህም በትክክል ሲለካ 6,939 ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በዐቢይ ቀመር ውስጥ ይህ ዙር 28 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ተጠራቅሞ አንድ ቀንና ሦስት ሩብ ይጠጋል። ፀሐይም እንዲሁ ናት፤ ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ ስንለው 11 ደቂቃ ያህል አብዝተናል፤ ይህ በ532 ዓመት ከአራት ቀን በላይ ይሆናል። በእስክንድርያና በሮም የነበሩ ቈጣሪዎችም ይህንኑ 532 ይዘው ነበር፤ የእስክንድርያው መነኵሴ አንያኖስ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ የአኵታንያው ቪክቶርዮስ በ457 ዓመት በፈረንጅ ቈጠራ በዚህ ሥራ ስማቸው ይነሣል። 27,759 ቀንም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ግሪካዊው ካሊጶስ የ76 ዓመት ዙር ብሎ ያስቀመጠው ነው። ወደ እኛ የመጣበትም መንገድ በግብፅ በኩል ነው፤ በ13ኛው መቶ ዓመት ግብፃዊው አቡ ሻክር በዐረብኛ የጻፈው ወደ ግእዝ ተመልሶ በሊቃውንታችን ዘንድ አቡሻህር ተብሎ ይነበባል።

ፈረንጆች ይህን የሰማይ ልዩነት ለማረም በ1582 በቈጠራቸው፣ በሮም ሊቀ ጳጳሳት በጎርጎርዮስ 13ኛ ጊዜ፣ ዐሥር ቀን ዘለሉ። ከዚያም በየአራት መቶ ዓመቱ ሦስት ተጨማሪ ቀኖችን ይተዋሉ። የነርሱ 400 ዓመት 146,097 ቀን ነው፤ ይህም በ7 ያለ ቀሪ ተካፍሎ 20,871 ሳምንት ይሆናል። ከሰማይ ጋር በመግጠም ረገድ የነርሱ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይገባም። ዳሩ ግን ያተረፉትን ያህል የከፈሉት አለ፤ የፋሲካቸው ዙር ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው ከ5,700,000 ዓመት በኋላ ነው። ያንን በሰሌዳ ካልጻፈ በቀር በቃሉ የሚይዝ ሰው የለም። 532 ግን አንድ የገጠር ደብተራ መብራት በሌለበት ሌሊት በጣቶቹ አንጓ እየቈጠረ የሚያዞረው ነው። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ለሰማይ መርማሪው የነርሱን፣ ወረቀት ላልደረሰበት መንደር የእኛን እመርጣለሁ። ልጆቻችን ግን ሁለቱንም ይማሩ። ፈረንጆቹ በ2100 በቈጠራቸው ተጨማሪውን ቀን ሲተዉ፣ በልማድ ሴፕቴምበር 11 ላይ የምትውለው ዕንቍጣጣሻችን ወደ 12 ትዞራለች፤ ያን ጊዜ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የሚሰጥ ሰው መገኘት አለበት።

አንድ ሌላ ነገር ሳልነግራችሁ አልለፍ። ዐሥራ አምስተኛው ዐቢይ ቀመር የሚፈጸመው በ7,980 ዓመተ ዓለም፣ ማለት በ2480 ዓ.ም. ነው። በ1583 በፈረንጅ ቈጠራ ስካሊገር የተባለ ሊቅ ለታሪክ ቈጠራ አንድ ታላቅ ዙር አቆመ፤ ርዝመቱም 7,980 ዓመት ነበር። እርሱ ይህን ያገኘው 28ን በ19፣ ከዚያም ሮማውያን ለግብር ይቈጥሩት በነበረው በ15 ዓመት ዙር አባዝቶ ነው። የእኛም 15 ጊዜ 532 ነው። ቈጠራው የተነሣበት ዓመት ስለሚለያይ ሁለቱ በአንድ ዓመት አይፈጸሙም፤ ቍጥራቸው ግን አንድ ነው። ባዕዳን ቍጥሮችን ያባዛ ሰው በየትኛውም አገር ቢቀመጥ ወደዚያው ይደርሳል።

በመጨረሻ ለክፍላችሁ የሚሆን አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ። በብራና ላይ «ዘመነ ማርቆስ፤ መስከረም 1 ሐሙስ፤ መጥቅዕ 18» የሚል ተገኘ። ዓመቱ በዐሥራ አምስተኛው ዐቢይ ቀመር ውስጥ ነው። ተማሪው በ28ቱ ውስጥ የማርቆስ ዓመቶችን፣ 2ኛውን፣ 6ኛውን፣ 10ኛውን እያለ ይቍጠር፤ 2ኛው በረቡዕ ይብታል፤ በእያንዳንዱ አምስት ዕለት ይጨምር፤ ሐሙስን በ14ኛው ላይ ያገኘዋል። ከዚያም 18 የሚሰጠው ወንበር 12፣ መደቡም 13 መሆኑን ካወቀ በኋላ፣ በ14 ላይ 28 እየጨመረ በ19 ይግደፍ። 14 አይሆንም፤ 42 አይሆንም፤ 70 ሲገደፍ 13 ይተርፋል። 7,448 እና 70 ሲደመሩ 7,518 ነው፤ 5,500 ሲቀነስለት 2018 ዓ.ም. ሆኖ ይወጣለታል።